የጋሽ ማሩ ቀርፋፋ ብስክሌት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ የልጅ ልጅ ብስክሌቷን እየገፋች መጣችና የግቢዬ በር ላይ ደገፍ አደረገቻት። የኋላ ጎማዋ ተንፍሷል። ባሕር ዳር ውስጥ ጎማ ለጣፊ የጠፋ ይመስል ለእኔ ነው የምታመጣው። "አባባ፣ አንተ የለጠፍከው አይተነፍስም" ትለኛለች፤ እኔም ሽንገላ መሆኑን እያወቅሁ ደስ ይለኛል። ከመነዳሪውን አወጣሁ፣ ቀዳዳውን ውሃ ውስጥ ፈለግሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ ማጣበቂያውን ቀባሁና እስኪደርቅ እፍ እፍ ማለት ጀመርሁ። ያ ሽታ! አርባ ዓመት ሊሆነው ምን ቀረው፤ ግን ያ የማጣበቂያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ መካከል ቁጢጥ ብዬ ራሴን አገኘዋለሁ።

ልጅቱ ግን ሽታም ትዝታም አልታያትም፤ ተናዳለች። ትራያትሎን የሚሉትን ነገር ጀምራለች። ጣና ላይ ይዋኛሉ፣ ከውሃው ወጥተው ብስክሌት ላይ ይወጣሉ፣ ከብስክሌቱ ወርደው ደግሞ ይሮጣሉ። "ማነው እንዲህ የሚያሳድዳችሁ?" ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። የዛሬው ቁጣ ግን አሰልጣኙ ላይ ነው። "ጤና የለውም ሰውዬው! ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀስ ብለሽ ንጂ ይለኛል። እየነዳሽ ወሬ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ይለኛል። ትናንት ወተት የጫነ ሽማግሌ ቀደመኝ፣ አባባ! ወተት የጫነ!" እጇ ላይ ያሰረችው ሰዓት ልቧን ይቆጥራል፤ ከተባለው በላይ ስትመታ ጢጥ ጢጥ ይልባታል። ልብ የሚሰፋው፣ እግርም ረጅም መንገድ የሚለምደው በእንዲህ ያለ ቀላል መንዳት ነው፣ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል ብሏታል አሰልጣኙ። "እኔ ግን የማረጅ ነው የሚመስለኝ" አለች። ማጣበቂያው እጄ ላይ እንዳለ ቆምሁ። "አሰልጣኝሽ ገዳሪፍ ኖሮ ያውቃል?" አልኋት። "የት?" አለችኝ።

ገዳሪፍን ያላየ ሰው ሜዳ ምን እንደሆነ አያውቅም። ጥቁር መሬት፣ ዓይን እስኪደክመው ድረስ ጥቁር መሬት፣ ከመካከሉ የእህል ማከማቻው ግንብ ተገትሮ። ከየትም ብትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው፤ ግማሽ ቀን ትሄዳለህ፣ እሱ እዚያው ነው፣ አይቀርብም። በዚያ ክፉ ዘመን ከጎንደር ቆላ፣ ከትግራይም፣ በእግሩ የሚጎርፈው የተራበ ሕዝብ ያንን የእህል ግንብ እያየ ነበር የሚገባው። ዓመቱን አልጠራውም፤ ያየው ሰው ያውቀዋል። እኔ ከዚያ በፊት ነበር ለሰሊጥ አጨዳ የሄድሁት፤ አጨዳው ሲያልቅ ሐጅ ኑርሁሴን የሚባሉ የወሎ ነጋዴ ከብስክሌት መጠገኛቸው አስገቡኝና ዓጀላቲ ሆንሁ። እዚያ አገር ብስክሌት ዓጀላ ነው፣ ጠጋኙ ደግሞ ዓጀላቲ። ሱቃችን ካሴት ከሚሸጠው ሰውዬ ፊት ለፊት ነበረች፤ ጠዋት የአገራችንን ዘፈን ይከፍታል፣ ከሰዓት በኋላ የሱዳኑን። ጥግ ላይ ግመል እየዞረ ሰሊጥ የሚጨምቅበት ቤት አለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዘይት ዘይት ይላል። ሻይ በጥቂት ግርሽ ትጠጣለህ፣ ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። እኔ ደግሞ ቤልቦተም ሱሪ፣ ክንፉ እስከ ትከሻ የሚደርስ ኮሌታ፣ ጎፈሬ! ዛሬ ይህን መላጣ ያየ አያምነኝም።

ፈጣን ነበርሁ። መመጻደቅ አይደለም፣ እውነቴን ነው፤ ገዳሪፍ ውስጥ የሚቀድመኝ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲዘጋ ከባቡር ጣቢያው እስከ ግንቡ ደርሰን እንመለሳለን፤ ያሸነፈ ፉል ይጋበዛል። ስሜ ካሴ ነው፤ ካሴ የሚለኝ ግን ሐጅ ብቻ ነበሩ፣ ሌላው ሁሉ "ነፋሱ" ነበር የሚለኝ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው፣ ነዳ እንዳይባል ቀርፋፋ፣ ሄደ እንዳይባል ብስክሌት ላይ፣ እንዲህ እያዘገመ ያልፋል። ጋሽ ማሩ። የአርማጭሆ ሰው ናቸው፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ደረቅ ያሉ፣ ሁልጊዜ ያቺኑ አመድማ ካኪ ኮት የሚለብሱ። ከከተማው ሐኪም ቤት ወደየመጠለያው መድኃኒትና ወረቀት ያመላልሳሉ። በከባድ ጥቁር ብስክሌታቸው ላይ አንድም ቀን ሲቸኩሉ አልታዩም። የገበያው ልጆች "ሽወያ ሽወያ" አሏቸው፣ በዐረብኛ ቀስ በቀስ እንደማለት ነው። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ አሁን ምን ያደርጋል መካድ።

ሲነዱ ብቻቸውን ያወራሉ። መጀመሪያ አንዳንዱ ሰው አእምሯቸው የተነካ መስሎት ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከሰው ተጠፋፍቷል፤ እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ፣ ሌሊት መንገድ ላይ ተለያይተው አንዱ ወደ ከሰላ አንዱ ወደ ሀዋታ። ስም ዝርዝር በወረቀት ይዞ መዞር ደግሞ ኬላ ላይ ያስጠይቃል፤ ለምን እንደሆነ እናንተም ትገምታላችሁ፣ እኔም አልገባበትም። ጋሽ ማሩ መላ መቱ። ዓርብ ዓርብ ሱቃችን በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ዘመድ የጠፋበት ሁሉ ይመጣና ስም ከነአባት፣ ከነአገሩ፣ ከነምልክቱ ይነግራቸዋል። ሦስት ጊዜ ይደግሙታል፣ ይያዛል። ከዚያ መንገዱን ሙሉ እየነዱ ጮክ ብለው ይጠሩታል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሲያልቅ እንደገና። ሁለት መቶ ያህል ስም! መጠለያው ሲደርሱ ከበሩ ላይ ይቆማሉ፣ ደወላቸውን ያቃጭሉና ይጠራሉ። ያለ ሰው ከድንኳኑ "አቤት!" ይላል። አቤት ያለ ስም ከዝርዝሩ ይወጣል።

አንድ ቀን ፍሬናቸውን ሳስተካክልላቸው ጠየቅኋቸው። "ጋሽ ማሩ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ ምናለበት? በሳምንት ሁለት መጠለያ ትርፍ ያዳርሱ ነበር" አልኋቸው። "ስፈጥን ትንፋሼ ይቆረጣል" አሉኝ። "ትንፋሼ ሲቆረጥ ስም ይወድቅብኛል። የወደቀው ስም የማን እናት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?" እኔ በሆዴ፣ ሽማግሌው ለድካማቸው ሰበብ አገኙ አልሁ። ያኔ የእህቴን ስም ሰጥቻቸው ነበር። እናኑ ፈረደ፣ ከጭልጋ፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት። እናትና አባታችን መንገድ ላይ ማለፋቸውን ከመጣ ሰው ሰምቼ ነበር፤ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ። ለወራት በተመለሱ ቁጥር ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ኸሪፍ ገባ። ክረምቱ ማለቴ ነው። ያ ጥቁር መሬት ውሃ ሲጠጣ ጭቃ አይባልም፣ ሌላ ነገር ነው፤ ሎሪውን እስከ ኮፈኑ ይውጠዋል፣ መንገድ የሚባል ይጠፋል። ብስክሌት የሚያስኬደው ከሐዲዱ ጎን ለጎን ያለው ከፍ ያለ የእግር መንገድ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ አንድ ማክሰኞ ጋሽ ማሩ ከሀዋታ መጡ። ከብስክሌታቸው ሳይወርዱ "ካሴ" አሉኝ፣ ነፋሱ አላሉኝም። "ከረሀድ ወንዝ ማዶ ካለው መጠለያ ትናንት እናኑ ፈረደ ብዬ ብጣራ፣ ከሦስተኛው ድንኳን ደከም ያለች አቤት ሰማሁ።" ከጎማው ክምር ላይ ተቀመጥሁ። "ግን ታማለች፣ ልጄ። ተቅማጥ ነው። ከበሽታው የባሰው ደግሞ አልጠጣም ማለቷ ነው፤ ሰው ሁሉ አልቆብኛል፣ ለማን ብዬ ትላለች። ወንድምሽ ገዳሪፍ አለ ብላት ልታጽናናኝ ነው ብላ ፊቷን አዞረች።" ብድግ ብዬ ብስክሌቴን ስይዝ ጨለማ ሊሆን ነው ብለው ከለከሉኝ። "ነገ ጎህ ሲቀድ መድኃኒት ይዤ ተመላሽ ነኝ፣ አብረን እንሄዳለን። በኔ አካሄድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰናል።"

በኔ አካሄድ! እኔ በእሳቸው አካሄድ ለቀብር ነው የምደርሰው አልሁ። ጎህ ሳይቀድ እሳቸውን ጥዬ ወጣሁ። አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ምንም ስንቅ የለ፣ ነፋሱ ስንቅ ይዞ ያውቃል እንዴ! እንደ ዓርቡ ውድድር ነዳሁ። ከሐዲዱ ጎን ያለው መንገድ እርጥብ ነው፣ ጎማ ይይዛል፣ እኔ ግን ቆሜ እረግጣለሁ። እናኑ ትንሽ ሳለች ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወንዝ አሻግራት ነበር፤ ጆሮዬን ይዛ "ቶሎ፣ ቶሎ!" ትለኝ ነበር። ያ ድምፅ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። ግንቡ ከኋላዬ አነሰ፣ ዞር ስል አሁንም አለ። ውሃዬን ጨረስሁ። ፀሐይ ከፍ ስትል ጭኔ ውስጥ የሆነ ነገር ቋጠር አለ፣ ፔዳሉ አልረገጥ አለኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ወርጄ ልሮጥ አልሁ፣ ሦስት እርምጃ አልሄድሁም። አስታወከኝና ከአንዲት ግራር ሥር ዘፍ አልሁ። ግማሽ መንገድ እንኳ አልሆነም። እዚያ ተኝቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ እህቴን በገዛ ጉልበቴ ገደልኋት አልሁ።

ምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም። ጆሮዬ ላይ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሰው የሚጸልይ መሰለኝ። ከሜዳው ማዶ፣ ሰው ሳይታይ፣ ስም እየመጣ ነው። "አበበች ወርቁ፣ ከደምቢያ። መኮንን አያሌው፣ ከቋራ፣ አንድ ዓይኑ የፈሰሰ። ለተብርሃን ገብሩ፣ ልጅ ያዘለች።" አንድ በአንድ፣ ሳይጣደፍ፣ ሳይቆረጥ፣ ድምፁ እንደ ማለዳው ያለ። ከዚያች ጥቁር ብስክሌት በፊት ስሞቹ ደረሱ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ ጠጉሬ ቆመ። ያ ሁሉ የጠፋ ሰው በአንድ ሽማግሌ አፍ ተሳፍሮ በሜዳው ላይ ሲመጣ ሰማሁ። የእህቴን ስም ጠበቅሁ፤ የለም። አቤት ብላለቻ! ወጥታለች ከዝርዝሩ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ስም አሉ። "የሺወርቅ ማሩ፣ ከአርማጭሆ፣ ዘጠኝ ዓመቷ።" ከዚያ እንደገና ከአበበች ወርቁ ጀመሩ።

"ምነው ነፋሱ፣ ዛሬ ተኝተህ ነው የምትነፍሰው?" አሉኝ። ውሃ ሰጡኝ፣ ጨው የነሰነሱበት ኪስራ፣ የሱዳኑን እንጀራ፣ ቆርሰው አጎረሱኝ፣ እግሬን ጨምቀው አፍታቱልኝ። "ይተዉኝና ይሂዱ፣ መድኃኒቱ ይድረስ" አልኋቸው። "እኔ ደርሼ ምን ላደርግላት? እኔንማ አላመነችኝም። አንተው ነህ መድረስ ያለብህ። ከኋላዬ ሁን። አሥር ስም እሰጥሃለሁ፣ ጮክ ብለህ ጥራ። መጥራት ካቃተህ ፈጥነሃል።" እንዲህ ተጀመረ። በዝግታችን ላብድ ደረስሁ፤ እሳቸውን ለመቅደም እግሬ ይበላኛል፣ ትንሽ ገፋ ሳደርግ ስሙ ጉሮሮዬ ላይ ይቆረጣል፣ "ወደቀብህ፣ ከመጀመሪያው" ይሉኛል ሳይዞሩ። ከሰዓት በኋላ ሳይታወቀኝ አሥሩ ስም ያለችግር ይፈስ ጀመር። የሞተው እግሬ ተነሣ። እሳቸው እንደሆኑ ጠዋት እንደነበሩት ናቸው። ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ ያ ሰውዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እንዲያ ሲያዘግሙ፣ እኛ ስንስቅባቸው፣ ሳያውቁትም ይሁን አውቀውት፣ የማያልቅ ትንፋሽ ሲያከማቹ ነበር።

ረሀድ ሞልቷል። ቀይ ውሃ፣ ከነግንዱ፣ ከነጉቶው። ጀልባው ታስሯል፣ ባለጀልባው "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዛሬ ሞት ነው" ብሎ እጁን አወናጨፈ። ጋሽ ማሩ ተቀምጠው ውሃውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የብስክሌቴን ሁለት ከመነዳሪ አስወጡኝ፣ ነፋንና አንዱን በኔ ደረት፣ አንዱን በሳቸው ደረት አሰርን፤ መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልለው ራሳቸው ላይ ጠመጠሙት። ብስክሌቶቹን ባለጀልባው ዘንድ ተውን፤ እሳቸው ደወላቸውን ብቻ ነቅለው ያዙ። ወደ ላይ ብዙ ሄድን፣ ከዚያ ነው የገባነው። "ውሃውን አትታገለው፣ ይውሰድህ፤ አንተ በጎን በኩል ብቻ ትንሽ ትንሽ ስረቅበት። ስምህንም አታቋርጥ" አሉኝ። ውሃ ውስጥ ስም ጠርቼ አውቃለሁ ብላችሁ ማን ያምነኛል? ጠራሁ። አፌ ውስጥ ውሃ እየገባ "መኮንን አያሌው" አልሁ። ወደ ታች ርቀን ማዶ ወጣን። ቀሪው ጭቃ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንዱ እስከ ጉልበት። ጫማ አወለቅንና ሶምሶማ ገባን። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ፣ በባዶ እግራቸው ከፊቴ ሶምሶማ እያሉ ስም ይጠራሉ። እኔ የጀርባቸውን ላብ እያየሁ ተከተልሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። እንዳሉት። እሳቸው መድኃኒቱን አስረክበው እንደልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ፣ እኔ ወደ ሦስተኛው ድንኳን በረርሁ። እናኑ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች፤ ያቺ ጉንጫም ልጅ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆናለች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ በጣሳ የያዘችውን የጨውና የስኳር ውሃ አሳየችኝና "ከትናንት ወዲህ ጠብታ አልወሰደችም" አለችኝ። "እናኑ" አልሁ። ዓይኗን ገለጠች፣ አላወቀችኝም። ጎፈሬዬ በጭቃ ተለጥፏል፣ ማን ያውቀኛል! ተንበርክኬ ጆሮዬን ወደ እጇ አስጠጋሁ። ጣቷ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጆሮዬን ያዘ። "ካሴ" አለች። "ካሴ ነኝ።" "ዘገየህ" አለች። ጣሳውን ሳስጠጋላት ጠጣች። ትንሽ ትንሽ፣ እየቆመች፣ ጠጣች።

ውጭ ጋሽ ማሩ እየጠሩ ነበር። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አንድ ስም፣ ዝምታ፣ ሌላ ስም። ከሩቅ አንዲት ሴት "አቤት! አቤት!" ብላ ስትጮህ፣ ሰው ሲራወጥ፣ እልልታ። ከዚያ ጥቂት ስሞች፣ ዝምታ። መጨረሻ ላይ "የሺወርቅ ማሩ!" አሉ። ከሌላው ሁሉ ስም ይልቅ እዚያ ላይ ብዙ ጠበቁ። ማንም የለም። ብስክሌት ስላልነበራቸው በእጃቸው የያዙትን ደወል አንድ ጊዜ አቃጨሉና ተቀመጡ። እናኑ ጣሳውን ከአፏ አውርዳ "ማናት?" አለችኝ። "ልጃቸው ናት" አልኋት። ተመልሳ ጠጣች።

እናኑ ዳነች። እኔም የዓርቡን ውድድር ተውሁ፤ ከስሞቹ ግማሹን ተቀብዬ ሁለት ክረምት ሙሉ ከጋሽ ማሩ ኋላ ነዳሁ፣ እኔም ሽወያ ሽወያ ተባልሁ። እኛ ወደ አገር ስንመለስ እሳቸው አልመጡም። "እኔ ከሄድሁ ማን ይጠራታል?" አሉ። ጉልበታቸው እስኪታክት ነዱ፣ ከዚያ የሐጅ ኑርሁሴን ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ከየመጠለያው የመጣውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር አሉ። ገዳሪፍ ተቀበሩ። የሺወርቅ አቤት ብላ አታውቅም። እናኑ ሦስት ወንዶች ወለደች፤ ከልጅ ልጆቿ የመጀመሪያዋ ሴት ስትመጣ ገና ከእናቷ እቅፍ ሳትወጣ "የሺወርቅ ትባል" አለች። "ያ ሰውዬ ሲጠራ የነበረው ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።" ስታድግ ንገራት ብላኝ ነበር፤ ሳልነግራት እናኑ ቀደመችኝ፣ ባለፈው ዓመት አረፈች።

ጎማውን ገጥሜ ታሪኩንም ስጨርስ ልጅቱ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ይቺ የሺወርቅ ያረጀ ስም ነው እያለች ለጓደኞቿ "ዮዲ ነኝ" የምትል ልጅ። "አባባ፣ የትራያትሎኑን ተራ ግን አገለባብጣችሁታል፤ መዋኘቱ ነው መጀመሪያ" አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ሳቅሁባት። "ስንቱን ስም ታስታውሳለህ?" አለች። አሥሩን ነገርኋት። በማግስቱ እሁድ፣ በጠዋቱ ብርድ፣ ለሦስት ሰዓት መንገዷ ስትወጣ የግቢዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። እጇን አየሁት፣ ሰዓቱን አላሰረችም። ቀስ ብላ፣ አፏ እየተንቀሳቀሰ፣ በዘንባባዎቹ ሥር ሄደች። ጥጉ ላይ ልትታጠፍ ስትል፣ እንጃ ምን እንደነካኝ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ተጣራሁ።

"የሺወርቅ ማሩ!"

የአባቷ ስም ማሩ አይደለም። ዞር አላለችም፣ ፔዳሏንም አላቆመችም።

"አቤት!" አለች፤ ድምፅዋ ሙሉ ነበር፣ ትንፋሿም አልተቆረጠም።